በጭብጨባ ይጽደቅልን

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ማንሱ ዛሬ ጠዋት ወጥ ቤቴ ድረስ ገብቶ ማጨብጨብ ሊያስተምረኝ ሞከረ። ዝኩኒ እየከተፍኩ ነበር። ዘይትና የታሸገ ሥጋ ያለበትን የስጦታ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሁለት መዳፉን ደረቱ ፊት ከፍ አድርጎ ጧ! ጧ! ጧ! አደረጋቸው። "እንዲህ ነው እትዬ፣ ሞቅ አድርገው። ቀዝቀዝ ካለ ሰው የግድ የሚያጨበጭቡ ይመስለዋል" አለኝ። ስልሳ ሰባት ዓመት በዚህ ምድር ላይ ስኖር ለሠርግም ለልደትም ለሰፈር ዘፋኝም አጨብጭቤያለሁ፤ ለዚህ ሥራ መምህር የቀጠረልኝ ግን አልነበረም። ቢላዬን አስቀምጬ፣ "ወንድምዓለም፣ እጄ ዝኩኒ ዝኩኒ ይሸታል እንጂ ሽባ አልሆነም" አልኩት። ሳቀ። ማንሱ ሲስቅ ሟቹን ባሌን ይመስላል፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው፣ እሱን እያየሁ እምቢ ማለት ያቅተኛል።

ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ አዳራሽ ስብሰባ አለ። ከምግብ ቤቴ ፊት ለፊት ያለው የሲሚንቶ ፋብሪካ እቶኑን የሚያነደው ድሮ በድንጋይ ከሰል ነበር። ቆይቶ አሮጌ ጎማ ተጨመረበት፣ ቀጥሎ ፕላስቲክ መጣ፣ አሁን ደግሞ ከሴኡልና ከሌሎች ትልልቅ ከተሞች በከባድ መኪና የሚጫነውን ቆሻሻ እጥፍ ሊያደርገው አስቦ የነዋሪውን ስምምነት ይፈልጋል። በከተማችን በሶክቾን ስምምነት የሚገኘው በጭብጨባ ነው። እጅ ማውጣት፣ ድምፅ መቁጠር የሚባል ነገር አናውቅም፤ ሰብሳቢው "እንግዲህ ተቃውሞ ከሌለ በጭብጨባ ይጽደቅልን" ይላል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ አለቀ። ተቃውሞ አለኝ የሚል ሰው ነገ ገበያ ላይ ከዚያው ከተቃወመው ሰው ጎመን መግዛት ስላለበት ማንም ትንፍሽ አይልም። ያልፈለገ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ የሌላው ጭብጨባ ዝምታውን ይሸፍንለታል፣ ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳል። የጎማውን ጉዳይ ያሳለፍነው እንዲሁ ነው። ችግሩ ጭብጨባ ጀማሪ መፈለጉ ነው፤ ሰው የሚያከብረው፣ እሱ ጀምሮ ሌላው ሳይከተል ቢቀር ነውር የሚሆንበት ሰው። ዘንድሮ ያ ሰው እኔ እንድሆን ታጨሁ።

ማንሱ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እቶኑ ላይ ሠርቷል፤ "ፋብሪካው ከተዘጋ ይህች ከተማ ሽማግሌ ብቻ የሚቀመጥባት ትሆናለች" ሲል ከልቡ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ግን ዞር ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የፋብሪካው ኃላፊ ኦም በራሱ አንደበት ነው የነገረኝ። የዛሬው በሰላም ካለፈ ዩንቾል ቋሚ ይሆናል። ሰሙኝ እትዬ? ቋሚ!" ዩንቾል ልጄ ነው፣ አንድ ለእናቱ። ፋብሪካው ውስጥ ከዚህ ተቋራጭ ወደዚያ ተቋራጭ እየተላለፈ በኮንትራት መሥራት ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከቋሚዎቹ ጋር አንድ ሥራ ይሠራል፣ ግማሽ ደመወዝ ይቀበላል፣ ሰውነት የሚታጠቡበት ክፍል እንኳን የተለየ ነው። ፖስታ ቤት የምትሠራ ደርባባ ልጅ አለችው። ቋሚ ሳልሆን አባቷ ፊት አልቀርብም ብሎ ይኸው እሱም ይሸብታል፣ እሷም ትጠብቃለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ማንሱም መጀመሪያ አሳቀኝ፣ ቀጥሎ ልጄን አነሳብኝ።

እሱ ሲወጣ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ጋኖቼ እዚያ ናቸው። የእኔ ምግብ ቤት የሚታወቀው በዴንጃንግ ሾርባው ነው። ዴንጃንግ ደግሞ፣ ያው የቦካው አኩሪ አተር፣ እንደ አራስ ልጅ ነው፤ ቀን ክዳኑ ተከፍቶ ፀሐይና ንፋስ ማግኘት አለበት፣ ሲመሽ መከደን አለበት። እናቴም አማቴም ጠዋት ከፍተው ማታ ይከድኑ ነበር። እኔ ግን ከመክፈቴ በፊት ጥቁር ጨርቅ ገመድ ላይ አሰጣለሁ። ጨርቁ ወደ ወንዙ ከተውለበለበ እከፍታለሁ፤ ወደ እኔ ዞሮ ነጭ አቧራ ካረፈበት ጋኖቼ በመስታወት ክዳናቸው እንደታፈኑ ይውላሉ። ያ አቧራ እንደሌላው አቧራ አይደለም፣ ጤዛ ሲነካው ሲሚንቶነቱ ትዝ ይለዋል። ጋኑ ላይ ጠንክሮ ያድራል፣ ውሃ አይበግረውም፣ ኮምጣጤ አፍስሼ እስኪደክመኝ እፈትገዋለሁ። ይህን ሁሉ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ምግብ ቤት ያላት ሴት "ጋኔ ላይ ሲሚንቶ ይዘንባል" ብላ ካወራች ሾርባዋን ማን ይጠጣላታል?

ከጣሪያዬ ፊት ለፊት ተራራው ይታያል፣ የተረፈው ማለቴ ነው። ሙሽራ ሆኜ እዚህ ስመጣ አናቱ ላይ ጥድ ነበረበት፣ በብርዱ ወራት ፀሐይ እሱን ተሻግራ እዚህ የምትደርሰው ረፋድ ላይ ነበር። ውስጡ ግን የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከአናቱ ጀምረው እንደ ደረጃ እየቆረጡ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረጉት። ባሌ ፈንጂ ከሚያጠምዱት አንዱ ነበር። ተራራው ተፈጨ፣ ከሸክላ አፈር ጋር ተደባልቆ በእቶን ተቃጠለ፣ የሴኡል ሰዎች አፓርታማ ሆነ፤ ለእኔ የደረሰኝ ማለዳ የምትመጣ ፀሐይ ናት። አልዋሽም፣ ጋኖቼ ወደዋታል። ባሌ "ፀሐይ ያመጣሁልሽ እኔ ነኝ፣ የትኛው ባል ነው ለሚስቱ ፀሐይ ያመጣ?" እያለ ይኩራራብኝ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ይህችን ቀልድ ሳይጨርሳት ሳሉ ያቋርጠው ጀመር። ይናፍቀኛል። ሰው ሲጠይቀኝ ለምጄዋለሁ እላለሁ፣ ግን አልለመድኩትም።

ዛሬ ጨርቁ ወደ ወንዙ ነበር የሚውለበለበው። ክዳኖቹን ከፍቼ አውቶቡስ ይዤ ገበያ ወረድኩ። አንድ ራስ ጎመን ስድስት ሺህ ዎን ነው ሲለኝ ሻጩን ወርቅ ቀብተኸው ነው ወይ አልኩት፤ ዝናቡን አማረረ፣ እኔም አብሬው አማረርኩ፣ ገዛሁ። ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ፀጉር ሠሪዋ ኦክናም አጠገቤ ዘጭ አለች። ኦክናም የሰፈሩን ሴት ሁሉ ፀጉር በአንድ ዓይነት ጥቅል የምትጠቀልል፣ ወሬውንም እንደዚያው ጠቅልላ የምትይዝ ሴት ናት። "ዛሬ የምታስጀምሪው አንቺ ነሽ አሉ" አለችኝ ገና ሳትደላደል።

"ማን አለ?"

"ማንሱ ለሚስቱ ነገራት፣ ሚስቱ ቀለም ስትቀባ ለእኔ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም።"

"እህ፣ የሰማው ከተማው ብቻ ነው በይኛ።"

"እንዴት ነሽ አንቺ! ይልቅ ልንገርሽ፤ ካጨበጨብሽ አጨበጭባለሁ። ካላጨበጨብሽ ደግሞ ያኔ ቦርሳዬ ውስጥ የሆነ ነገር እፈልጋለሁ።" ቦርሳዋን መታ መታ አደረገች፣ ተሳሳቅን። ከዚያ ባለፈው ወር ፋብሪካው ከለቀቀው አቧራ በኋላ የደንበኛዋ ልጅ ለሦስት ቀን ዓይኑን መግለጥ አቅቶት እንደነበር ነገረችኝ። ያን ጊዜ የቆሙ መኪኖች ሁሉ በጠዋት ነጭ ሆነው ነበር፤ ኩባንያው ለየቤቱ የመኪና ማጠቢያ ኩፖን አደለ። ለእኔም፣ ለአውቶቡስ ተሳፋሪዋ፣ ደረሰኝ። ኃላፊውን ኦምን "መኪና የለኝም፣ ምኔን ልጠብበት?" ብዬ ብጠይቀው "ለልጅዎ ይስጡታ" አለኝ። ልጄም መኪና የለውም። የደንበኛዋን ልጅ ዓይን የሚያጥብ ኩፖን ስለመኖሩ ግን የጠየቀው የለም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ለምሳ ሰዓት የእቶኑ ሠራተኞች ገቡ። በር ላይ ልብሳቸውን ያራግፋሉ፣ ኮፍያቸውን ይመታሉ፣ ጫማቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ይቀመጣሉ። ሾርባው ከሩዝና ከቦካው ጎመን ከኪምቺ ጋር ዘጠኝ ሺህ ዎን ነው፤ መሀል ከተማ አሥራ ሁለት ገብቷል፣ እኔ ዘጠኝ ላይ የቀረሁት የእነዚህን ሰዎች ደመወዝ ስለማውቅ ነው። ዩንቾል እንደ ሁልጊዜው ጀርባውን ለወጥ ቤቱ ሰጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ልጄ እናቱ ቤት እንደሚበላ ሰው ሆኖ አያውቅም፤ እንደ ደንበኛ ይከፍላል፣ እንደ ደንበኛ አመሰግናለሁ ይላል። እኔም እንደ ደንበኛ ጨምሬ አልቀዳለትም፣ ዓሣ ግን ከሾርባው ሥር እደብቅለታለሁ። ክርኑ አካባቢ ቆዳው ቀልቶ እየላጠ መሆኑን ካየሁ ሰነበትኩ። ይነግረኛል ብዬ እጠብቃለሁ፣ እሱም ትጠይቀኛለች ብሎ ይጠብቃል መሰለኝ። ይህን ዝምታ ሁለታችንም ከአባቱ ነው የተማርነው።

አብሮት የሚሠራው ሽማግሌው ቤክ ነው ያወጋን። "ዛሬ ያራገፍነውን ብታዪ እመቤት፣ የሴኡል ሴቶች ጉድ ናቸው። የእርጎውን ኩባያ አጥበው፣ የተለጠፈበትን ልጠው፣ አድርቀው ነው የሚጥሉት። ከእኔ መጠጫ ይነጻል!"

"ሌላ ኩባያ ይሆናል ብለው ነዋ" አልኩ።

"አዎ፣ በቴሌቪዥን እንደዚያ ነው የሚነገራቸው። እኛ ደግሞ በአካፋ ዝቀን እቶን ውስጥ።"

"ንጹሕ ሆኖ ይሙት ብለው ነው" አለ ዩንቾል፣ ሁሉም ሳቁ። እሱ ግን ሳይስቅ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ኩባያ ብቻ ቢሆንማ ጥሩ ነበር" አለና ቀሪውን ዋጠው። ቤክ ወዲያው ትከሻውን መታው። "ተወው ባክህ፣ አንተ ቋሚ ስትሆን ቢሮ ተቀምጠህ ቁልፍ ነው የምትጫን። እመቤት፣ ቋሚ የሆነ ቀን የሶጁ አረቄው በእሱ ነው፣ መስክሪ!" ዩንቾል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ቤክ የሚለውን እንደሰማሁ፣ ማንሱም ጠዋት እኔ ጋ መጥቶ እንደነበር አውቋል። ዓይኑ ቀልቷል። "ዛሬ ሰዓቱ ሲደርስ አረንጓዴ ሰደርያ ለብሰን ከኋላ እንድንቆም ታዘናል" አለኝ። "ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ።"

"እሺ" አለ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። አጨብጭቢም አላለ፣ አታጨብጭቢም አላለ። ሳህኑን ሳነሳ ዓሣውን ሳይነካው ትቶታል። እዚያው ቆሜ ወሰንኩ። አጨበጭባለሁ። ተራራው ለሰው ሁሉ ቤት ሆኗል፣ ለልጄም አንድ ጎጆ ይሁንለት። ጭስ እንደሆነ አንድ ጭስ ሲቀንስ ሌላ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ ጨርቄን እያየሁ መኖሬን አልተውም። ውሳኔው ቀለል አደረገኝ፤ ሳህን እያጠብኩ አንጎራጎርኩ እንኳን።

አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጫማ አውልቀን ነጠላ ጫማ ተጫማን፣ በየወንበሩ ላይ ውሃና በላስቲክ የተጠቀለለ የሩዝ ኬክ ተቀምጧል። ለእኔ ፊት ወንበር መሀል ላይ ቦታ ይዘውልኛል፤ ማንሱ ማይክራፎኑን ይዞ ዓይኑን ጣል አደረገብኝ፣ እንደ ተማሪ ያጠናሁትን እንዳልረሳ። ከኋላ አረንጓዴ ሰደርያ የለበሱት ተሰልፈዋል፣ ዩንቾል ከበሩ አጠገብ የሥራ ጓንቱን ሳያወልቅ ቆሟል፤ ከፈረቃ መሀል ነው ያመጧቸው። የኩባንያው ኃላፊ ኦም ወጣት ነው፣ ፀጉሩን የሚያበጥር፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነችውን ሴት ሁሉ "እናታችን" የሚል። በስክሪኑ ላይ ዛፍ አሳየን፣ ፊኛ የያዙ ልጆች አሳየን። ቆሻሻ በተቃጠለ ቁጥር የሚነደው ከሰል ይቀንሳል፣ ከሰል ሲቀንስ ምድር ትድናለች አለ። የከሰሉ እውነት ነው፣ ቤክም ነግሮኛል። ምድር ስትድን ሶክቾን የት እንደምትቀመጥ ግን አልገለጸልንም። አንዱ ገበሬ ስለ ሽታው ጠየቀ፣ መሣሪያ ተገጥሟል ተባለ። ሌላው ስለ ልጆች ጠየቀ፣ ቁጥሩ ከደረጃው በታች ነው ተባለ። ሰው በየመሀሉ የሩዝ ኬኩን ላስቲክ ያንኮሻኩሻል።

ሊጨርስ ሲል ኦም ከጠረጴዛው ሥር ትንሽ ማሰሮ አወጣ። አወቅኋት፤ ባለፈው ሳምንት ከእኔ የገዟት ናት፣ ለእንግዳ ነው ብለው። ከፍ አድርጎ ለሰው አሳየ። "ይህንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የእናታችን የፕዮ ዴንጃንግ ነው። ከሴኡል ድረስ መጥተው የሚበሉት። የት ነው የቦካው? ከፋብሪካችን ግንብ ማዶ፣ ጣሪያ ላይ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ በዚህ አየር! አየራችን ንጹሕ ለመሆኑ ከዚህች ማሰሮ የበለጠ ምስክር ከየት ይምጣ?" ሰው አጉረመረመ፣ አንዳንዱ ሳቀ፣ ፊት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ማንሱ ማይክራፎኑን ተቀብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ተቃውሞ ከሌለ፣ በጭብጨባ ይጽደቅልን" አለና አየኝ።

እጆቼ ከጉልበቴ ተነስተው ነበር፣ እውነቱን ልናገር። በመዳፎቼ መካከል ልጄ ነበር፤ አንዴ ጧ ባደርጋቸው ቋሚ ነው። ነገር ግን ደሜ ፈላ። ለልጄ ስል ማጨብጨብ እችል ነበር፣ ዝም ማለትም እችል ነበር፣ ዕድሜ ልኬን ችዬበታለሁ። እነዚያን ጋኖች ግን እናቴ ያስተማረችኝን እያፈረስኩ፣ በመስታወት እያፈንኩ፣ በኮምጣጤ እየፈተግኩ ከዚያ አየር ያዳንኳቸው እኔ ነኝ። አሁን ለዚያው አየር ምስክር አድርጎ አቆማቸው። ከንዴቱ ይልቅ እፍረቱ ባሰብኝ፤ ይህን ውሸት ሊዋሽ የቻለው እኔ ዝም ስላልኩ ነው። ተነሳሁ።

"አንዴ፣ ወንድምዓለም" አልኩት ማንሱን። ማይክራፎን አልፈለግሁም፣ ምግብ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ድምፅ አያጣም። "ኃላፊ ኦም፣ ያንን ማሰሮ አስቀምጠው። ክዳኑ ተከፍቶ አይደለም የቦካው። የምከፍተው ንፋሱ ወደ ወንዙ ሲነፍስ ብቻ ነው። ወደ ቤቴ ከነፈሰ ተከድኖ ይውላል፣ ያረፈበትንም በኮምጣጤ ነው የምፈትገው። ሾርባዬን የምትጠጡ ሁሉ ስሙኝ፤ ነገ ባትመጡ አልቀየማችሁም። ውስጡ ንጹሕ ነው፣ ንጹሕ ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ እንጂ አየሩ አይደለም።"

"እናታችን፣ ስሜትዎ ይገባኛል፣ ነገር ግን..." አለ ኦም።

"እኔ አንተን አልወለድኩም። የወለድኩት ያ ከኋላ የቆመው ነው።" ዞሬ አላየሁም፤ ካየሁት መልሼ እቀመጣለሁ። "ይህ ቆሻሻ እንዳልከው የማይጎዳ ከሆነ እዚያው ሴኡል ይቃጠል። ቦታ የላቸውም እንዳትለኝ። ተራራ የሚያህል ነገር ያስገባ ከተማ ለእርጎ ኩባያ ቦታ አጣ?"

ሳቅ ተነሳ፣ ወዲያው ሞተ። ማንሱ ላብ ላብ አለው። "እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ በሥርዓት..." አለኝ።

"በሥርዓት ነው ወንድምዓለም። እዚህ ከተማ ሁልጊዜ የሚያጨበጭበው የፈለገ ነው። ዛሬ ደግሞ የማንፈልገው እናጨብጭብ።" አልኩና አጨበጨብኩ። እሱ እንዳስተማረኝ፣ ሞቅ አድርጌ።

ብቻዬን ነበርኩ። ያ አዳራሽ ያን ያህል ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ የእጄ ድምፅ ግድግዳውን መትቶ ይመለስልኛል። ሰው እግሩን ያያል፣ የሩዝ ኬኩን ያያል። ኦክናም አንገቷን ሰብራ ቦርሳዋ ውስጥ ትፈልጋለች። መዳፌ ማቃጠል ጀመረ፣ ባቆም ግን ያለቀልኝ ያን ጊዜ እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ ልጄንም ሸጬ፣ ነገሩንም ሳላሸንፍ ልቀመጥ ነው። ልጄን ምን አደረግሁት? ይህን እያሰብኩ ማጨብጨቤን ቀጠልኩ።

ከዚያ ከኋላ ሌላ ድምፅ መጣ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ የሚል፣ የታፈነ። የሥራ ጓንት ያደረገ ሰው ሲያጨበጭብ እንደዚያ ነው። ዞርኩ። ዩንቾል ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወጥቶ ቆሟል፣ ፊቱ እንደ ልጅነቱ ቀልቷል፣ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። አጠገቡ የቆመው ቤክ "ምን ሆነሃል አንተ!" እያለ ክርኑን ይጎትተዋል። አንዴ ክንዱን አስለቀቀና ጓንቱን አውልቆ በባዶ እጁ ቀጠለ። ያን ጊዜ ድምፁ ጠራ። ስለ ሽታው የጠየቀው ገበሬ ተነሳና አጨበጨበ። ኦክናም ፈልጋ ፈልጋ ሲበቃት ቦርሳዋን ወለል ላይ ጥላ አጨበጨበች፣ ከእሷ ጋር እነዚያ አንድ ዓይነት ፀጉር ያላቸው ሴቶች ሁሉ። ሁሉም ሰው አይደለም፤ ግማሽ ይሁን፣ ከግማሽ ይነስ፣ በጭብጨባ የኖረ ሰው መቁጠር አይችልበትም። ኦም ማንሱ ጆሮ ላይ ጎንበስ አለ፣ ማንሱ ስብሰባው ለሌላ ጊዜ መተላለፉን፣ ሁሉም ሰው የሩዝ ኬኩን ይዞ መሄድ እንደሚችል አስታወቀ። ሰውም ይዞ ሄደ፣ እኛ ለተቃውሞም ቢሆን ምግብ አንጥልም።

በደረጃው ላይ ማንሱ ደረሰብኝ። "አዋረዱኝ እትዬ" አለኝ፤ ሳይጮህ ነው የተናገረው፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "ወንድሜ ቢኖር ምን ይል ነበር?"

"ያስል ነበር" አልኩት። "ነገ ለምሳ ና። እንደምታኮርፍ አውቃለሁ፣ ግን አኩርፈህም ቢሆን ና።" እጁን አወናጭፎ ወረደ። ሊመጣ ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል፤ ከመጣ ጨምሬ እቀዳለታለሁ።

ዩንቾል ውጭ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። አረንጓዴውን ሰደርያ አልለበሰም፤ አጣጥፎ ኦም ወንበር ላይ እንዳስቀመጠው ኦክናም ቀድማ ነግራኛለች። በወንዙ ዳር ጎን ለጎን ሄድን። ከባድ መኪኖቹ እየተከታተሉ ወደ ፋብሪካው ይገባሉ፣ ሸራቸው ሥር ያለው ነገር ይንኮሻኮሻል። ክርኑን እንዲያሳየኝ ልጠይቀው አሰብኩ፣ ለዚያች ልጅ ምን እንደሚላትም ልጠይቀው አሰብኩ፣ ይቅር በለኝ ልለውም አሰብኩ። እሱ የሩዝ ኬኩን ከእጄ ተቀበለኝ፣ ሄድን፣ ድልድዩን ተሻገርን። የእሱ ፈረቃ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ በየቀኑ በሩን አንኳኩቼ የማስነሳው እኔ ነኝ።

"እማዬ" አለኝ።

"ወይ፣ ልጄ።"

"ነገ ጠዋት አትቀስቅሺኝ።"